ከጠጣሩ መቶኛ በፊት የቅንጣቱ አሠራር ይጠየቅ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

አዳማ ውስጥ አዲስ ቤት ሲቀባ ሁለት ቅሬታዎች አይጠፉም። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ የተቀባ ግድግዳ ሲደርቅ ፀጉር በሚያህል ስንጥቅ ይሞላል፣ በእጅ ሲታሽም እንደ ኖራ ይረግፋል። በውሃ በሚቀጥን ቀለም የተቀባ በር ደግሞ ሙቀቱ ሲበረታ ከመቃኑ ጋር ይጣበቅና በተከፈተ ቁጥር ቀለሙ እየተላጠ ይነሣል። ለመጀመሪያው ቀቢው «ውሃ አበዛ» ተብሎ ይወቀሳል፤ ለሁለተኛው ባለቤቱ «ሳይደርቅ ዘጋው» ይባላል። ውሃ ማብዛትም ቸኩሎ መዝጋትም ቀለም ያበላሻሉ። ሆኖም ቀቢውም ባለቤቱም ሥራቸውን በአግባቡ ሠርተው ጥፋቱ የሚደርስበት ጊዜ ብዙ ነው። ምክንያቱ በባልዲው ውስጥ፣ በዓይን በማይታየው የላቴክስ ቅንጣት ውስጥ ስላለ ነው።

ለቀለም፣ ለነጭ ኮላና ለስቱኮ ማያያዣ የሚሆን ላቴክስ ሲገዛ በፕሮፎርማው ላይ የሚታዩት ዋጋውና የጠጣሩ መቶኛ ናቸው። «50 በመቶ ነው ወይስ 45?» ይባላል። ይህ ጥያቄ ስንት እጅ ውሃ እንደተገዛ ይነግረናል፤ ከውሃው ሌላ የተገዛው ምን እንደሆነ ግን አይነግረንም። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው አስመጪዎች፣ የቀለም ፋብሪካ ግዥ ክፍሎችና ላቴክስን እዚሁ ለማምረት የሚያስቡ ሁሉ ከመቶኛው አልፈው ቅንጣቱ በውስጡ እንዴት እንደተሠራ እንዲጠይቁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላቴክስ ማለት ዲያሜትራቸው ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 500 ናኖሜትር የሆነ የፖሊመር (የረጃጅም ሰንሰለት ሞለኪውሎች) ድቡልቡሎች በውሃ ውስጥ ተንሳፍፈው የሚገኙበት ፈሳሽ ማለት ነው። ቀለሙ ሲደርቅ ውሃው ይተንና ድቡልቡሎቹ ይጠጋጋሉ፣ ይጨፈለቃሉ፣ በመጨረሻም ሰንሰለቶቻቸው እርስ በርስ ተሳስረው አንድ ሽፋን ይሆናሉ። ለመጨፍለቅ ግን ለስላሳ መሆን አለባቸው። ፖሊመሩ ከመስታወት ዓይነት ድርቀት ወደ ጎማ ዓይነት ልስላሴ የሚሻገርበት ሙቀት አለ፤ በሙያው ቲጂ እንለዋለን። የስታይሪን ፖሊመር ቲጂ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ የቡታይል አክሪሌት ደግሞ ከዜሮ በታች 54 ነው። ሁለቱ በአንድ ሰንሰለት ላይ ሲቀላቀሉ ውጤቱን ፎክስ በ1956 (እ.ኤ.አ.) ባቀረበው ቀመር መገመት ይቻላል፤ የእያንዳንዱ ሞኖመር (ሰንሰለቱ የሚሠራበት መነሻ ሞለኪውል፣ እዚህ ስታይሪንና ቡታይል አክሪሌት) የክብደት ድርሻ በኬልቪን ለተለካው ቲጂው ተካፍሎ ይደመርና ድምሩ ይገለበጣል። 60 እጅ ስታይሪንና 40 እጅ ቡታይል አክሪሌት 18 ዲግሪ ገደማ ይሰጣሉ፤ እኩል በእኩል ቢሆኑ 3 ዲግሪ ገደማ።

በአዳማ የበጋ ማለዳ ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ በታች መውረዱ የተለመደ ነው፤ ሌሊቱን የቀዘቀዘ የብሎኬት ግድግዳም ፀሐይ ከወጣ በኋላ ቶሎ አይሞቅም። ባለ 18 ዲግሪው ላቴክስ እዚያ ላይ ቢቀባ ቅንጣቶቹ ሳይጨፈለቁ ይደርቃሉ፤ የሚቀረው ዱቄት ነው። ባለ 3 ዲግሪው ጥሩ ሽፋን ይሠራል፤ ነገር ግን በቀን ሙቀት ስለሚለሰልስ አቧራ ይይዛል፣ በሩም ከመቃኑ ጋር ይጣበቃል። ብዙ አምራች ከሁለቱ መሀል የሚወጣው ጠንካራውን ላቴክስ ወስዶ እንደ ቴክሳኖል ያለ አለስላሽ በመጨመር ነው። አለስላሹ ሽፋኑን ያሠራና ቀስ በቀስ ይተናል። ይህ መንገድ ይሠራል፤ ግን ውድ ነው፣ አለስላሹ ተንኖ እስኪያልቅም ሽፋኑ ለሳምንታት ለስላሳ ሆኖ ይቆያል።

የተሻለው መንገድ ጥንካሬውንና ልስላሴውን በአንድ ቅንጣት ውስጥ በየቦታቸው ማስቀመጥ ነው። ጠንካራ እምብርት፣ በዙሪያው ለስላሳ ቅርፊት። ሽፋኑን ቅርፊቱ ይሠራዋል፤ እምብርቱ በሽፋኑ ውስጥ እንደ ጠጠር ተሰግስጎ ጥንካሬውን ይሰጣል። እንበልና 35 እጅ እምብርቱ ንጹሕ ስታይሪን ሆኖ 65 እጅ ቅርፊቱ 5 ዲግሪ ገደማ ቲጂ ያለው አክሪሊክ (ቡታይል አክሪሌትን ከመሰሉ ሞኖመሮች የተሠራ ፖሊመር) ይሁን። እነዚያው ሞኖመሮች በዚያው መጠን አንድ ላይ ተቀላቅለው ወጥ ቅንጣት ቢሠራባቸው ቲጂው 32 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ አዳማ ላይ ያለ አለስላሽ በማለዳም በቀትርም ሽፋን አይሠራም። በእምብርትና በቅርፊት ተለይተው ሲሠሩ ግን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ሽፋን ይይዛል። የሁለቱም የጠጣር መቶኛ አንድ ነው፣ የሞኖመር ዝርዝራቸውም አንድ ነው። በፕሮፎርማው ላይ አይለያዩም።

እንዲህ ያለውን ቅንጣት በላቦራቶሪ ደረጃ፣ 1 ኪሎ ገደማ ላቴክስ ለመሥራት የሚከተለው ይበቃል። በመጀመሪያ እርሾ ያስፈልጋል። በሙያው ዘር ይባላል፤ እኛ እርሾ የምንለው እንደ ሊጥ እርሾ ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉ ስለሚወስን ነው። 200 ግራም ውሃ፣ 3 ግራም ሶዲየም ዶዴሲል ሰልፌት (ሳሙናው)፣ 90 ግራም ስታይሪንና 0.5 ግራም ፖታሲየም ፐርሰልፌት (ሥራውን የሚያስጀምረው) በናይትሮጅን ሥር በ75 እስከ 80 ዲግሪ ለአራት ሰዓት ቢማሰሉ 50 እስከ 60 ናኖሜትር የሆነ፣ 30 በመቶ ገደማ ጠጣር ያለው እርሾ ይገኛል። ዲያሜትሩ ሳይለካ ወደሚቀጥለው ደረጃ መግባት የለበትም።

60 ናኖሜትር ሆኖ ተገኘ እንበል። ከዚህ እርሾ 96 ግራም (29 ግራም ደረቅ ፖሊመር) ከ260 ግራም ውሃና ከ0.6 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት ጋር ማብሰያው ውስጥ ይገባል። ናይትሮጅን ለግማሽ ሰዓት ይነፋበታል፤ ኦክስጅን ውስጥ ከቀረበት ሥራው ሳይጀምር ይዘገይና በኋላ በአንዴ ይፈነዳል። በ80 ዲግሪ 0.6 ግራም ፐርሰልፌት በ20 ግራም ውሃ ሟሙቶ ይጨመራል። ከዚያ 126 ግራም ስታይሪን ከ60 ግራም ውሃና ከ0.8 ግራም ሳሙና ጋር ተበጥብጦ በ90 ደቂቃ ውስጥ ጠብታ በጠብታ ይገባል። ሲያልቅ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይጠበቃል። ቀጥሎ የቅርፊቱ ሞኖመር ይመጣል፤ 142 ግራም ሜታይል ሜታክሪሌት፣ 147 ግራም ቡታይል አክሪሌትና 6 ግራም ሜታክሪሊክ አሲድ፣ በ120 ግራም ውሃና በ2.5 ግራም ሳሙና ተበጥብጠው በሦስት ሰዓት ይገባሉ። ከጎኑ 1.5 ግራም ፐርሰልፌት በ40 ግራም ውሃ በተለየ መስመር ይንጠባጠባል። ከዚያ አንድ ሰዓት ማብሰል፣ ወደ 60 ዲግሪ አውርዶ የቀረውን ሞኖመር በጥቂት ቴርት-ቡቲል ሃይድሮፐሮክሳይድና በአስኮርቢክ አሲድ ማጥፋት፣ ከ40 በታች ማቀዝቀዝ፣ በአሞኒያ ፒኤቹን 8 ላይ ማድረስ፣ ማጥለል። ጠጣሩ 44 በመቶ ገደማ ይሆናል።

ዲያሜትሩን አስቀድሞ ማስላት ይቻላል፤ የሚቆጣጠረን ኩብ ሥር ነው። 29 ግራሙ ወደ 155 ሲያድግ ዲያሜትሩ ከ60 ወደ 105፣ ወደ 450 ሲያድግ ደግሞ 150 ናኖሜትር ገደማ ይደርሳል። ቅርፊቱ 22 ናኖሜትር ውፍረት ይኖረዋል ማለት ነው። ይህ ስሌት ከሁሉ የበለጠ የጥራት መቆጣጠሪያ ስለሆነ በአቅራቢያው ዲያሜትር የሚለካ መሣሪያ ያለው ሰው አይዝለለው። በመጨረሻ የተለካው 125 ከሆነ ሳሙናው በዝቶ ከእርሾው ውጪ አዲስ ቅንጣቶች ተወልደዋል፤ 150ን ለ125 አካፍሎ ኩብ ቢያደርጉት 1.7 ይመጣል፣ ቅንጣቶቹ ከታሰበው በ70 በመቶ በዝተዋል። እነዚያ አዲሶቹ እምብርት የላቸውም፤ ልስላሴ ብቻ ናቸው። ከ150 በእጅጉ ካለፈ ደግሞ ሳሙናው አንሶ ቅንጣቶቹ ተጣብቀዋል፣ በማጥለያውም ላይ ግግር ይገኛል። ሶዲየም ዶዴሲል ሰልፌት በንጹሕ ውሃ ውስጥ በሊትር 2.3 ግራም ገደማ ሲደርስ በራሱ ይቋጠራል፣ አዲሶቹ ቅንጣቶችም በእነዚህ ቋጠሮዎች ውስጥ ይወለዳሉ፤ ቅንጣቶቹ ላይ ሳይቀመጥ በውሃው ውስጥ ነጻ የቀረው ሳሙና ከዚያ በታች እንዲሆን ነው የሚፈለገው። በቅርፊቱ ጊዜ ሳሙናውን በአንዴ ሳይሆን ከሞኖመሩ ጋር እያከፋፈሉ ማስገባት የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

«መጀመሪያ የገባው ውስጥ ይሆናል፣ በኋላ የገባው ውጪ» የሚለው ግምት ብዙ ሰው ያሳስታል። ፖሊመር ቦታውን የሚመርጠው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከውሃ ጋር ያለው ዝምድና ነው፤ ውሃ የሚወድ ወደ ውጪ፣ የሚሸሽ ወደ ውስጥ ይሳባል። ለስላሳውን አክሪሊክ አስቀድመን ስታይሪኑን በኋላ ብናስገባ ስታይሪኑ ወደ ውስጥ ይሰርግና ቅንጣቱ ይገለበጣል፣ ወይም በውስጡ ብዙ ትንንሽ ደሴቶች ይሠራል፣ ወይም ሁለት ጉብታ ያለው ይሆናል። ሁለተኛው የመንቀሳቀስ አቅም ነው። እምብርቱ ቲጂው ከማብሰያው ሙቀት በላይ ከሆነ፣ ስታይሪን በ80 ዲግሪ እንደሚሆነው፣ አዲስ የሚያድገው ሰንሰለት ዘልቆ ሊገባ አይችልምና ውጪ ይቀራል። ፐርሰልፌት በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ የሚተወው ሰልፌትም ውሃ ስለሚወድ ሰንሰለቱን ገጽታው ላይ ይይዘዋል። ከላይ በሰጠነው አሠራር ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋሉ። ይህን የሚያፈርሰው ያልተበላ (ወደ ፖሊመር ያልተለወጠ) ስታይሪን ነው፤ እምብርቱ ውስጥ ሞኖመር ከቀረ እምብርቱን ያለሰልሰዋል፣ ከቅርፊቱም ጋር ተቀላቅሎ ድንበሩን ያደበዝዘዋል። ስለዚህ ቅርፊቱ ከመጀመሩ በፊት ከስታይሪኑ ቢያንስ 95 በመቶው መበላት አለበት። ለማወቅ 2 ግራም ናሙና ተወስዶ ሥራውን የሚያስቆም ጥቂት ሃይድሮኪኖን ይጨመርበትና በ105 ዲግሪ ክብደቱ መለወጥ እስኪያቆም ይደርቃል፤ የቀረው ጠጣር ከሚጠበቀው ጋር ይነጻጸራል። ምድጃና ሚዛን ላለው ሰው ይህን የሚከለክለው ነገር የለም።

ቀስ ብሎ ማስገባት ለአወቃቀሩ ብቻ አይደለም፤ ለነፍስም ነው። አንድ ኪሎ ከእነዚህ ሞኖመሮች ሲበስል ከ560 እስከ 670 ኪሎጁል ሙቀት ይለቃል። 45 በመቶ ጠጣር ያለው ላቴክስ ሞኖመሩ ሁሉ በአንዴ ቢገባና ማቀዝቀዣው ቢቆም ሙቀቱ ብቻውን በ90 ዲግሪ ያህል ከፍ ሊል ይችላል። ከ80 ተነሥቶ የት እንደሚደርስ መገመት አያዳግትም። መብራት ያለማስጠንቀቂያ በሚጠፋበት ከተማ ይህ ከሁሉ በፊት መታሰብ አለበት። ሞኖመሩ በፓምፕ እንጂ በስበት ኃይል እንዲወርድ መደረግ የለበትም፤ መብራት ሲጠፋ በራሱ መቆም አለበት። ጄነሬተሩ መጀመሪያ የሚነሣው ለማማሰያው ነው፤ የማቀዝቀዣ ውሃ ደግሞ ከፍ ካለ ታንከር በስበት ይምጣ። መብራቱ ሲመለስ ወዲያው መቀጠል ስሕተት ነው። ሙቀቱ ይታይ፣ ናሙና ይወሰድ፣ ጥቂት ፐርሰልፌት ይጨመር፣ ከዚያ ሞኖመሩ በግማሽ ፍጥነት ይጀመር።

ከባሕር ወለል ከፍታው ከ1,600 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ የውጭ አገር የአሠራር ሰነድ እንዳለ አይሠራም። አዳማ ላይ ውሃ በ94 ወይም 95 ዲግሪ ነው የሚፈላው። ሜታይል ሜታክሪሌት ከውሃ ጋር ሆኖ በባሕር ወለል በ83 ዲግሪ አብሮ ይፈላል፤ እዚህ ግን 78 ገደማ ላይ ይጀምራል። ስለዚህ ሰነዱ 80 ወይም 82 ካለ፣ ማብሰያው ውስጥ ያልተበላ ሞኖመር በተከማቸ ቁጥር እንፋሎቱ ወደ ማቀዝቀዣው ይወጣል፣ ተመልሶም በላቴክሱ ላይ እንደ ንጹሕ ሞኖመር ይወርዳል። የአረፋውና በማብሰያው ጫፍ ላይ የሚይዘው ግግር ምክንያት ብዙ ጊዜ ይህ ነው። መፍትሔው ሙቀቱን ወደ 75 አውርዶ የመግቢያ ጊዜውን ማርዘም፣ ወይም በ80 ሆኖ ሞኖመሩ እንዳይከማች ፍጥነቱን መቀነስ ነው። ለነጭ ኮላ የሚሆነው ቪናይል አሲቴት ደግሞ በባሕር ወለልም በ66 ዲግሪ ከውሃ ጋር ስለሚፈላ ጥንቃቄው ይብሳል።

ስለ ውሃው አንድ ነገር። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ሶዲየም ባይካርቦኔትና ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የቧንቧውም ውሃ ካልሲየምና ማግኒዚየም አያጣም። ቅንጣቶቹን የሚያራርቃቸው በገጽታቸው ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ሙሌት ነው፤ ጨው ሲበዛ ይህ ሙሌት ይሸፈንና ላቴክሱ እንደ ወተት ይረጋል። ካልሲየም ከሶዲየም እጅግ የከፋ ነው። የውሃው የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ በሴንቲሜትር ከ10 ማይክሮሲመንስ በታች መሆን አለበት። የባትሪ ውሃ ገዝቶ መሥራት ይቻላል፣ ሳይለኩ ግን አይሆንም። ዛሬ 150፣ ነገ 170 ናኖሜትር እየሆነ ለሚያስቸግረው ሰው መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ውሃው ነው።

ሞኖመሩን ማከማቸትም የራሱ ሕግ አለው። ስታይሪን በራሱ እንዳይበስል ከ10 እስከ 15 ክፍል በሚሊዮን ቴርት-ቡቲልካቴኮል ተጨምሮበት ይመጣል፤ ይህ መከላከያ የሚሠራው የተሟሟ ኦክስጅን ሲኖር ብቻ ነው። ስለዚህ በርሜሉን በናይትሮጅን መሙላት ጥበቃ ይመስላል፣ ግን አደጋ ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ በአፋር በረሃ ያለፈ በርሜል ሲደርስ የመከላከያው መጠን ይመርመር። ስታይሪን እሳት የሚይዝ እንፋሎት የሚያወጣው 31 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ የአዳማ ቀትር እዚያ ይደርሳል። ጥላና አየር ያስፈልገዋል።

ላቴክሱን ለሚገዛ ሰው የሚሆኑ ሁለት ሙከራዎች አሉ፤ ሁለቱም ውድ መሣሪያ አይጠይቁም። ግማሽ ሜትር የሚያህል ወፍራም የአሉሚኒየም ዘንግ አንዱ ጫፉ በበረዶ ውሃ፣ ሌላው በ40 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ይደረግ፤ በየ5 ሴንቲሜትሩ ቴርሞሜትር ይያዝበት። ሙቀቱ ሲረጋ 100 ማይክሮን ውፍረት ያለው ላቴክስ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይቀባና ነፋስ እንዳይነካው በመስታወት ይከደን። ሲደርቅ ነጭና ስንጥቅጥቅ ያለው ክፍል ቆሞ ጥርት ያለው ሽፋን የሚጀምርበት ቦታ ሙቀት፣ ያ ላቴክስ ሽፋን ለመሥራት የሚፈልገው ዝቅተኛ ሙቀት ነው። ለዚህ ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ፤ አይኤስኦ 2115 ይባላል። ሁለተኛው ለበሩ ነው። ሰባት ቀን የደረቁ ሁለት ቅቦች ፊት ለፊት ተጋጥመው፣ 1 ኪሎ ተጭኖባቸው በ50 ዲግሪ ምድጃ ለ30 ደቂቃ ይቆያሉ፤ ሲቀዘቅዙ ሲለያዩ ድምፅ ብቻ ካሰሙ ደኅና ነው፣ ቀለም ተልጦ ከወጣ አይሆንም። በመጀመሪያው ሙከራ ከ10 ዲግሪ በታች፣ በሁለተኛውም ሳይጣበቅ የሚያልፍ ላቴክስ ያለ አለስላሽ ከመጣ፣ በውስጡ እምብርትና ቅርፊት አለው ብሎ መገመት ይቻላል። ወጥ ቅንጣት ሁለቱን አንድ ላይ ማለፍ ይቸግረዋል።

በዚሁ ጥበብ ከእምብርቱ ይልቅ ባዶ ቦታ ያለው ቅንጣትም ይሠራል። እምብርቱ በሜታክሪሊክ አሲድ የበለጸገ ሆኖ በስታይሪን ቅርፊት ከተሸፈነ በኋላ በሙቅ አሞኒያ ይነፋል፤ ሲደርቅ ውሃው ወጥቶ አየር ይተካል። የአየርና የፖሊመሩ የብርሃን ማጠፍ አቅም ስለሚለያይ ቅንጣቱ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ከውጭ የሚገባውን ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ በከፊል ይተካል። ሮም ኤንድ ሃስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሮፔክ ብሎ ለገበያ ያቀረበው ይህንኑ ነው። እዚህ ከተማ ግን ከ94 ዲግሪ በላይ በክፍት ማብሰያ መድረስ ስለማይቻል ማንፊያው ግፊት የሚችል ዕቃ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከዚህ አይጀመር።

የምንጠይቀው ይህን ነው። በግዥ ሰነድ ላይ ከጠጣሩ መቶኛ ጎን አማካይ ዲያሜትሩና ሥርጭቱ፣ ቲጂው (ሁለት ከሆነ ሁለቱም)፣ ሽፋን የሚሠራበት ዝቅተኛ ሙቀትና ያለ አለስላሽ የተለካ መሆኑ ይጻፍ። የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት እነዚህን በቀለም ማያያዣ ደረጃው ውስጥ እንዲያስባቸው፣ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም የዲያሜትርና የቲጂ ልኬትን በመጠነኛ ክፍያ ለአነስተኛ አምራቾች እንዲያደርግ እንጠይቃለን። ናሙናው 50 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ሳይቀጥን፣ አየር እንዳይገባው እስከ አፉ ተሞልቶ፣ የተመረተበት ቀንና የፒኤች ልኬቱ ተጽፎበት ይላክ።

ከአክብሮት ጋር፣
በፖሊመርና በቀለም ሥራ ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች፣
አዳማ